በጉምሩክ የማያልፍ ንግድ እንዴት ይቆጠራል?

ባንክ ቤት ነበርኩ። አንድ የውጭ ተቋም በኢንተርኔት ለሚሰጠው ስልጠና 180 ዶላር መክፈል ነበረብኝ። ወረፋዬ ደርሶ ቅጹን ስሰጣት ልጅቷ ግራ ገባት። «ምን ብዬ ልመዝግበው?» አለችኝ። «ስልጠና ነው» አልኳት። ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን ዝርዝር ወደ ላይ ወደ ታች ስትጎትት ቆየች። «ትምህርት» የሚል አለ፤ ግን ከዩኒቨርሲቲ የመጣ የቅበላ ደብዳቤ ይጠይቃል። «የማማከር አገልግሎት» የሚል አለ፤ እሱ ደግሞ ውል ይፈልጋል። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ «ሌላ አገልግሎት» የሚለውን ተጫነችውና ተገላገልን።

እኔ ከፍዬ ወጣሁ። የልጅቷ ጠቅታ ግን እዚያ አልቀረችም። ባንኮች በውጭ ምንዛሪ የከፈሉትንና የተቀበሉትን ለብሔራዊ ባንክ ያሳውቃሉ። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ የአገሪቱን የክፍያ ሚዛን ያሰናዳል፤ አገሪቱ ከውጭው ዓለም ጋር ያደረገችው ግብይት ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ ነው። የኔ 180 ዶላር እዚያ ውስጥ «ሌላ» በሚል ስም ተቀምጣለች። ብዙ «ሌላ» ተሰብስቦ ነው እንግዲህ አንድ ቀን በዜና የምንሰማው።

ቁጥሩ ደግሞ ተራ ቁጥር አይደለም። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ከአገልግሎት ሽያጭ የሚገኘው ከዕቃ ወጪ ንግድ ይበልጥ ነበር። በ2014 በጀት ዓመት የዕቃ ወጪ ንግዱ 4.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገባ ተብሎ ትልቅ ወሬ ነበር። የአገልግሎቱ ከዚያ በላይ ነበር፤ ያወራለት ግን ጥቂት ሰው ነው። ስለ ቡና ስናወራ እንውላለን። የአውሮፕላን ትኬትና ጭነት ከቡና የበለጠ ዶላር እንደሚያመጣ ብዙ ሰው ልብ አይልም።

ዕቃ መቁጠር ይቀላል። ከጅቡቲ የተነሣ ከባድ መኪና በጋላፊ ገብቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ቅጽ ይሞላል። ክብደቱ፣ ዋጋው፣ የመጣበት አገር፣ ሁሉም ይጻፋል። ቀረጥ ስላለበት መንግሥት ዓይኑን አይነቅልም። አገልግሎት ግን ኬላ የለውም። ጠበቃ ምክሩን በኢሜይል ይልካል። ሶፍትዌር በሽቦ ይመጣል። ኢንሹራንስ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ኪዳን ነው። ለዚህ ሁሉ በር ላይ ቆሞ የሚፈትሽ ማን ነው?

ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ሆነ። ማን ለማን ሸጠ? ሻጩ የዚህ አገር ነዋሪ፣ ገዢው የሌላ አገር ነዋሪ ከሆነ ንግዱ ዓለም አቀፍ ነው። በቃ። ዜግነት አይጠየቅም። የተከፈለው በብር ይሁን በዶላር ለውጥ የለውም። ይህን ሕግ የያዙት ሁለት መመሪያዎች ናቸው። አንዱ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የክፍያ ሚዛን መመሪያ ስድስተኛ እትም ነው። ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት፣ የዓለም ንግድ ድርጅትና ሌሎች በጋራ ያዘጋጁት የ2010 የአገልግሎት ንግድ ስታቲስቲክስ መመሪያ ነው። አገልግሎቶችን በ12 ትልልቅ ዘርፎች ይከፍላሉ፤ ትራንስፖርት፣ ጉዞ፣ ግንባታ፣ ኢንሹራንስ እያለ ይቀጥላል። የገንዘብ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ሰባተኛውን እትም አውጥቷል፤ አገሮች ወደሱ የሚሸጋገሩት ግን ቀስ በቀስ ነው።

ነዋሪ የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል። ጥምቀትን እናንሣ። ሃያ ዓመት ሜሪላንድ የኖረ ሰው ለበዓሉ መጣ እንበል። አማርኛው እንደኛው ነው። ፓስፖርቱም ምናልባት የኢትዮጵያ ነው። ለስታቲስቲክሱ ግን የአሜሪካ ነዋሪ ነው። ስለዚህ ቦሌ ከወረደ ጀምሮ የሚያወጣው ገንዘብ «ጉዞ» የሚባለው ዘርፍ ውስጥ ይገባል። የሆቴሉ፣ የክትፎው፣ ለሚስቱ የገዛው የሐበሻ ቀሚስ፣ ሁሉም። ከአዲስ አበባ ጎንደር የበረረበት የአገር ውስጥ ትኬት እንኳ እዚሁ ነው። ጎንደር ላይ በብር የከፈለው የባጃጅ ሒሳብም የኢትዮጵያ ወጪ ንግድ ነው። ባጃጅ ነጂው ላኪ ነጋዴ ሆነ ማለት ነው፤ ማንም አልነገረውም እንጂ።

ያው ሰው እናቱ ቤት ሄዶ 500 ዶላር በእጃቸው ቢያኖርስ? ይሄ አገልግሎት አይደለም። እናቱ ምንም አልሸጡለትም። የግለሰብ ዝውውር ነው፤ በዌስተርን ዩኒየን ከሚላከው ገንዘብ ጎን ይሰለፋል። ኪሱ አንድ፣ ዶላሩ አንድ፣ ሳምንቱም አንድ። መዝገቡ ግን ሁለት።

ባንኩ ይህን ልዩነት ያያል? አያይም። ሰውየው መስኮቱ ጋ ሄዶ 1,000 ዶላር መነዘረ፤ ለሆቴል ይሁን ለእናት ባንኩ በምን ያውቃል? ለአጎቱ ልጅ ሰጥቶ በብር ከተቀበለ ደግሞ ባንኩ ሰውየውን ጭራሽ አላየውም። ስለዚህ የጉዞ ገቢ በባንክ ወረቀት ብቻ አይሠራም። በሌላ በኩል ነው የሚመጣው። ስንት ጎብኚ ገባ? ይህን ከኢሚግሬሽን መዝገብ ይወስዳሉ። በአማካይ ስንት ቀን ቆየ፣ በቀን ምን ያህል አወጣ? ይህ የሚገኘው ተሳፋሪው ሊወጣ ሲል በሚደረግ ጥናት ነው። ሦስቱን ታባዛለህ።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ሻንጣውን እየጎተተ ወደ በር የሚሮጥን ሰው «ምን ያህል አወጡ?» ብለህ ስትጠይቀው የሚነግርህ ግምቱን ነው። የጎብኚው ቁጥር አንድ ሚሊዮን ቢሆን፣ የአንዱን ጎብኚ አማካይ ጠቅላላ ወጪ በ100 ዶላር ብትስት 100 ሚሊዮን ዶላር ሳተ። ጥናቱ ደግሞ በየዓመቱ አይደረግም። ከዓመታት በፊት የተገኘ አማካይ ዛሬም ሲባዛ ይኖራል። የጉዞ ገቢ በየዓመቱ ከጎብኚው ቁጥር ጋር እኩል ሲያድግ ካያችሁ፣ አንድ ሰው የድሮውን አማካይ እያባዛ እንደሆነ ጠርጥሩ።

ነዋሪነት በጥቅሉ የሚለካው በአንድ ዓመት ነው። አንድ ሰው ሌላ አገር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ከሄደ የዚያ አገር ነዋሪ ይባላል። ሁለት ዓመት ኮንትራት ይዛ ሪያድ የሄደች እህታችን በዚህ ሕግ የሳዑዲ ነዋሪ ናት። ደመወዟ የኢትዮጵያ የአገልግሎት ሽያጭ አይደለም፤ ለቤተሰብ የምትልከው ደግሞ የግለሰብ ዝውውር ነው። «ሰው ኤክስፖርት እናደርጋለን» የሚባለው ቀልድ ቢያንስ በስታቲስቲክስ አይሠራም።

ሕጉ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ የሚያስቁም አሉ። ተማሪና ታማሚ ምንም ያህል ቢቆዩ የአገራቸው ነዋሪ ሆነው ይቀጥላሉ። ቻይና አምስት ዓመት ሕክምና የሚማር ልጅ የሚያወጣው ኪራይና የትምህርት ክፍያ የኢትዮጵያ ገቢ ንግድ ነው፤ «ጉዞ» ውስጥ ይቆጠራል። ለኩላሊት ሕንድ የሄዱ አባትም እንዲሁ። የኔ 180 ዶላር ግን እዚያ አይገባም። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የተማርኩት፤ አልተጓዝኩም። ስለዚህ ትክክለኛ ቦታው የግል፣ የባህልና የመዝናኛ አገልግሎቶች የሚባለው ዘርፍ ነው፤ የርቀት ትምህርት ከሙዚቃና ከፊልም ጋር አብሮ ነው የሚኖረው። ልጅቷ ባታገኘው አይፈረድባትም።

ዲፕሎማትም የላከው አገር ነዋሪ ነው። ይህ አዲስ አበባን ልዩ ያደርጋታል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም እዚህ ነው። ኤምባሲው ደግሞ ሞልቷል። ዓለም አቀፍ ድርጅት የተቀመጠበት አገር ነዋሪ አይባልም፤ የማንም አይደለም። እንግዲህ ቦሌ ያለ ሆቴል ለኅብረቱ ስብሰባ አዳራሽ ሲያከራይ ወጪ ንግድ ነው። ኦልድ ኤርፖርት ያለ ቪላ ለአምባሳደር ሲከራይም እንዲሁ። ቪላው ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ቤት አከራይ ከጅማ ቡና ላኪ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይገናኛሉ።

በተቃራኒው ዶላር እያስገባ ወጪ ንግድ ያልሆነ ነገርም አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች ኃይል እየሸጠ በዶላር ይቀበላል። ጥሩ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ኩባንያው እዚህ ተመዝግቦ፣ እዚህ ማሽን ተክሎ የሚሠራ ከሆነ የኢትዮጵያ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ለነዋሪ ሸጠ ማለት ነው። ወደ ጅቡቲ የሚላከው ኤሌክትሪክ ግን ወጪ ንግድ ነው፤ ያውም አገልግሎት ሳይሆን ዕቃ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። የማይታይ ነገር ሁሉ አገልግሎት አይደለም።

እኔ በግሌ የመግለጫዎቻችን ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል። «የውጭ ምንዛሪ ገቢ» እና «ወጪ ንግድ» እንደ አንድ ነገር ይወራሉ። አንዱ ገንዘቡን ይከተላል። ሌላው ሻጭና ገዢውን። አንዳንዴ ይገጥማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገጥሙም።

አየር መንገዱን ላምጣ፤ ነገሩ በሙሉ እዚያ ይታያል። አንድ ናይጄሪያዊ ነጋዴ ከሌጎስ በአዲስ አበባ አድርጎ ጓንግዡ ሄደ። ቦሌ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ቡና ጠጣ። የኢትዮጵያን አፈር አልረገጠም። ትኬቱ ግን ሙሉ በሙሉ የኢትዮጵያ ትራንስፖርት ወጪ ንግድ ነው። አንቺ ከአዲስ አበባ ዱባይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስትበሪስ? ዓለም አቀፍ በረራ ነው፤ ዓለም አቀፍ ንግድ ግን አይደለም፤ ሻጩም ገዢዋም የዚህ ነዋሪ ናቸው። በኤምሬትስ ብትሄጂ ገቢ ንግድ ይሆናል። ያው ወንበር፣ ያው ሰማይ፤ የአውሮፕላኑ ጅራት ላይ ያለው ሥዕል ነው የሚለያየው።

አየር መንገዱ ከሰው ማመላለስ ውጪ ብዙ ይሠራል። የሌላ አገር አውሮፕላን ቢጠግን «ጥገና» የሚባል ራሱን የቻለ ዘርፍ አለ። ከሌላ አገር የመጣ ልጅ አብራሪነት ሊማር ቢከፍል «ጉዞ» ነው። አውሮፕላን ከነሠራተኛው ቢያከራይ ትራንስፖርት ነው። አውሮፕላኑን ብቻ ቢያከራይ ደግሞ ሌሎች የንግድ አገልግሎቶች ውስጥ ይገባል። ውጭ አገር ሲያርፍ የሚከፍለው የማረፊያ ክፍያ የአገልግሎት ግዢ ነው። እዚያው የሚቀዳው ነዳጅ ግን ዕቃ ነው። ሎሜ ያለው አስካይ የተባለው አየር መንገድ፣ አየር መንገዳችን ድርሻ ቢኖረውም፣ የቶጎ ነዋሪ ነው። ትኬቱ የኛ ወጪ ንግድ ውስጥ አይገባም፤ የትርፍ ድርሻው ብቻ በሌላ መስመር ይመጣል።

ይህን ሁሉ ከባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት ማወቅ አይቻልም። ወረቀቱ የሚያሳየው ጠቅላላ ገንዘብ ገባ ብሎ ነው። ያውም ተጣርቶ ሊሆን ይችላል፤ ውጭ አገር የሸጠውን ትኬት ከውጭ ወጪው ላይ ቀንሶ የተረፈውን ብቻ ካስገባ፣ ባንኩ የሚያየው የተረፈውን ነው። መመሪያው የሚፈልገው ሁለቱንም ጎን ሳይቀናነስ ነው። ለዚህ ነው ትልልቆቹን ድርጅቶች በቀጥታ፣ በዝርዝር ቅጽ መጠየቅ የግድ የሚሆነው። አንድ ኩባንያ የአንድን አገር የአገልግሎት ሽያጭ ከተሸከመ፣ የዚያ ኩባንያ የሒሳብ ክፍል ቅጹን በጥንቃቄ መሙላቱ የአገር ጉዳይ ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። አገልግሎት የሚመዘገበው በተሰጠበት ቀን ነው፤ ገንዘቡ በገባበት ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 አየር መንገዶች ናይጄሪያ ውስጥ የሸጡት ትኬት ገንዘብ ዶላር ጠፍቶ እዚያው ታግዶባቸው ነበር። ተሳፋሪው በርሯል። አገልግሎቱ ተሽጧል። ገንዘቡ አልመጣም። በትክክል የሚቆጥር ሰው ሽያጩን ያኔውኑ ይጽፋል፤ ያልመጣውን ደግሞ ዱቤ አድርጎ በሌላ በኩል ይይዛል። ዶላር ብቻ የሚከተል ሰው ግን ምንም አልተሸጠም ይላል። የኢትዮጵያም ስም በዚያን ጊዜ የአየር መንገዶችን ገንዘብ ከያዙ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነበር። እዚህ በብር ትኬት የሸጡ የውጭ አየር መንገዶች ወረፋ ይጠብቁ ነበር።

ወደ ባሕሩ እንሂድ። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ አሰብ ቀርቶ ከመቶ ዘጠናው በላይ የሆነው ዕቃችን በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። የወደብ ክፍያው ለጅቡቲ ድርጅት ስለሚከፈል የአገልግሎት ግዢ ነው። የመርከብ ኪራዩ ግን ዘዴ ይፈልጋል። ጉምሩክ አንድን ዕቃ ሲመዘግብ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ጨምሮ ነው፤ ነጋዴው ሲአይኤፍ የሚለው። የክፍያ ሚዛኑ የሚፈልገው ደግሞ ዕቃው ላኪው አገር ወደብ ላይ ያለውን ዋጋ ነው፤ ኤፍኦቢ። እንበልና አንድ ኮንቴነር ጉምሩክ ላይ 50,000 ዶላር ተብሎ ተመዘገበ። ከዚህ ውስጥ 5,000 ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ቢሆን፣ ዕቃው 45,000 ሆኖ ይጻፋል። አምስቱ ሺህ ወደ አገልግሎት ይዛወራል።

ሁሉም አይዛወርም ግን። ዕቃውን የጫነው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ከሆነ ማጓጓዣው ነዋሪ ለነዋሪ ነው፤ ይወጣል። የውጭ መርከብ ከሆነ ይገባል። ድርጅታችን ከሌላ ኩባንያ መርከብ ላይ ቦታ ተከራይቶ ቢጭን ደግሞ አስመጪው ለድርጅቱ የከፈለው አይቆጠርም፤ ድርጅቱ ለባለ መርከቡ የከፈለው ይቆጠራል። ዲክላራሲዮኑ ላይ ይህ ሁሉ አይጻፍም። ስለዚህ ብዙ አገሮች «ከዋጋው ከመቶ ይህን ያህሉ ማጓጓዣ ነው» የሚል ቋሚ ቁጥር ይዘው ያባዛሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. የኮንቴነር ዋጋ ብዙ እጥፍ ሲንር ያ ቋሚ ቁጥር ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ነው።

ኢንሹራንስንም ቶሎ ልበል። የተከፈለው ፕሪሚየም ሁሉ አገልግሎት አይደለም። አብዛኛው ለካሳ ተመልሶ የሚከፈል ነው። አገልግሎቱ መሐል ላይ ለድርጅቱ የሚቀረው ነው፤ እሱም በግምት ነው የሚወጣው።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሰፋ ሸሚዝም ከዚህ ጋር የሚነሣ ነው። ጨርቁን የውጩ ገዢ ራሱ ልኮት፣ ባለቤትነቱም የሱ ሆኖ ከቆየ፣ የኢትዮጵያ ሽያጭ ስፌቱ ብቻ ነው። በስድስተኛው እትም መሠረት ይህ አገልግሎት ነው። ጉምሩክ ግን የሸሚዙን ሙሉ ዋጋ ይመዘግባል፤ መውጣቱን አይቷላ። ሁለቱን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንዱ ዋሽቷል» የሚል ጋዜጠኛ አይጠፋም። አልዋሹም። አንዱ ሸሚዙን ቆጠረ፣ አንዱ የመርፌውን ሥራ።

እስካሁን ያወራሁት ቢያንስ አንድ ሰው ስለሚያየው ነገር ነው። ጭራሽ የማይታየውስ? መርካቶ ጫማ የሚሸጥ ልጅ አውቃለሁ። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያውን «ቡስት» ያስደርጋል። ራሱ ካርድ የለውም። ሠፈር ውስጥ ለዚህ ሥራ የተቀመጠ ልጅ አለ፤ በቴሌብር ብር ይልክለታል። ያ ልጅ ደግሞ ውጭ ባለ ዘመዱ ካርድ ይከፍላል። ብሩ እዚሁ ለዘመድየው ቤተሰብ ይደርሳል። ደረሰኙ ላይ ያለው ሻጭ ብዙ ጊዜ አየርላንድ የተመዘገበው የሜታ ኩባንያ ነው። ስለዚህ በትክክል ቢቆጠር ኢትዮጵያ ከአየርላንድ የማስታወቂያ አገልግሎት ገዛች። ዘመድየው ደግሞ ለቤተሰቡ ገንዘብ ላከ። ሁለት ዓለም አቀፍ ግብይት ተፈጸመ፤ አንዲት ዶላር ድንበር አላለፈችም፤ የትኛውም ባንክ ምንም አላየም። በወር የ20 ዶላር ነገር ነው። መርካቶን በሙሉ ስታስበው ግን ሌላ ነው።

በሌላ በኩልም እንዲሁ። ሲኤምሲ ቁጭ ብላ ለውጭ ድርጅት ድረ ገጽ የምትሠራ ልጅ አገልግሎት ላኪ ናት። ክፍያው ካናዳ ባለች እህቷ ሒሳብ ከገባ፣ እህቷም ብሩን እዚህ በሌላ ሰው በኩል ካደረሰቻት፣ ሽያጩ የለም። ባንክ በኩል ቢመጣም «ሐዋላ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ከእህት ነዋ የመጣው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ አንዱን ዶላር 57 ብር አካባቢ ሲመነዝር ጥቁር ገበያው ከመቶ በላይ ይሰጥ ነበር። ማን ባንክ ይሄዳል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን ልዩነቱ ጠበበ፤ ብዙ ገንዘብም ወደ ባንክ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ቁጥር ሲጨምር፣ ከፊሉ አዲስ ሽያጭ ነው፤ ከፊሉ ግን ድሮም የነበረ፣ አሁን ገና የታየ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚነግረን ሠንጠረዥ የለም።

ለማጣራት አንድ ጥሩ ዘዴ አለ፤ የሌላውን አገር መዝገብ ማየት። እኛ ለኬንያ ሸጥን ያልነው፣ ኬንያ ከኢትዮጵያ ገዛሁ ካለችው ጋር መግጠም አለበት። ሲገጥም አይታይም። የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዓለም ደግሞ በጃንዋሪ ይቆጥራል፤ ገና ከመጀመሪያው ወራቱ አይገጥሙም። ግን የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካና እንግሊዝ፣ ስታቲስቲክስ ያረጀባቸው አገሮች፣ ሁለቱም በአገልግሎት ንግድ «አንቺ ላይ ትርፍ አለኝ፤ ከገዛሁብሽ የሸጥኩልሽ ይበልጣል» ይላሉ። ሁለቱም ባለ ትርፍ መሆን አይችሉም። ቁጭ ብለው ሲመረምሩት አንዱ ምክንያት ጀርሲ፣ ገርንዚና የማን ደሴት ሆኑ። አሜሪካኖቹ ደሴቶቹን ከእንግሊዝ ጋር ይቆጥሯቸዋል፤ እንግሊዞቹ ግን ውጭ ያደርጓቸዋል። በደሴቶቹ ደግሞ ብዙ የፋይናንስ ሥራ ያልፋል።

የቀረኝ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ድርድሩ አሁንም አለ። በዚያ ድርድር አገልግሎት በአራት መንገድ ይሸጣል ይባላል። ፕሮግራመሯ ሥራዋን በኢንተርኔት ስትልክ አንድ። ጎብኚው ራሱ ሲመጣ ሁለት። ባለሙያ ለሦስት ወር ጁባ ሄዶ ሠርቶ ሲመለስ አራት። ሦስተኛውን ዘልዬዋለሁ፤ ኩባንያ እዚያው አገር ገብቶ ቅርንጫፍ ሲከፍት ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2017 ባደረገው ግምት ከዓለም የአገልግሎት ንግድ 60 በመቶው ገደማ የሚሸጠው በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው።

የክፍያ ሚዛኑ ደግሞ ይህን አያየውም። ሳፋሪኮም የሚመራው የኩባንያዎች ጥምረት በ2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ፤ በመስከረም 2015 አገልግሎቱን በይፋ አስጀመረ። አዳማ ላይ አንድ ልጅ የ50 ብር ካርድ ሲሞላ የውጭ ኩባንያ አገልግሎት ገዝቷል ብሎ ማንም ይላል። በስታቲስቲክሱ ግን ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የኢትዮጵያ ነዋሪ ነው፤ የልጁ 50 ብር የአገር ውስጥ ግብይት ነው። ለናይሮቢ የሚከፈል የሥራ አመራር ክፍያ ካለ እሱ በአገልግሎት ይገባል፤ ትርፍ ከተላከ የኢንቨስትመንት ገቢ በሚባለው ሌላ መስመር ይጻፋል። ልጁ ግን የትም የለም።

እሱን ለማግኘት የተለየ ቆጠራ ያስፈልጋል። የውጭ ባለቤት ያላቸውን ድርጅቶች ዘርዝሮ ምን ያህል ሸጡ፣ ስንት ሰው ቀጠሩ፣ ባለቤታቸው የትኛው አገር ነው ብሎ በየዓመቱ መጠየቅ ነው። ሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ይህን በደንብ የሚሠሩት ጥቂቶቹ ናቸው። እኛ ዘንድ ጉዳዩ የሚያስቸኩለው በባንኩ በኩል ነው። ምክር ቤቱ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። አንድ የውጭ ባንክ ፒያሳ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ ወረፋ ቢያሰልፍ፣ በአገልግሎት ንግድ ሠንጠረዡ ላይ ያን ቀን አንዲት ቁጥር አትጨምርም። ያው ባንክ ናይሮቢ ሆኖ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ቢያጸድቅና ኮሚሽን ቢወስድ ግን ትጨምራለች፤ ያውም በ«ፋይናንስ አገልግሎት» ስም፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው «ሌላ» ካላላት።